ከነገ ወዲያ በአንድ ቃል

አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ደንበኛ «ከነገ ወዲያ እንደዋወል» ማለት ፈልጌ «አፍተር ቱሞሮው» ብዬ ጻፍኩለት። ከአማርኛው ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፤ ምንም አልጎረበጠኝም። እሱ የገባው ግን «ከነገ በኋላ፣ ሲመቸን» የሚል ነው። በቀኑ ስልኬን ታቅፌ ዋልኩ። በሳምንቱ ደወለ፣ ያውም እየሳቀ።

ለካ «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮው» ነው የሚባለው። ለአንዲት ቀን አራት ቃል! ይሄ ሁሉ ቃል ያለው ቋንቋ እንዴት ለዚህ አንድ ያጣል ብዬ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ኦቨርሞሮው»ን አገኘኋት። ትርጉሟ ከነገ ወዲያ ነው፣ በቃ። ግን ዛሬ የሚጠቀምባት የለም ማለት ይቻላል።

የታወቀው ምስክሯ እ.ኤ.አ. በ1535 የታተመው የማይልስ ከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሙሉው ሲታተም የመጀመሪያው። ቦታው መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ጦብያ በሠርጉ ሌሊት ሣራን ተነሺ ይላትና ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያም እንጸልይ ይላታል። ከእሱ በፊት ያገቧት ሰባት ባሎች ሁሉ በሠርጋቸው ሌሊት ሞተዋል። ሦስት ቀን ቢጸልይ አይፈረድበትም።

ከቨርዴል የተረጎመው ከጀርመንኛና ከላቲን ነው። ላቲኑ እዚያ ቦታ ላይ «ሁለተኛው ነገ» ይላል። ጀርመኖች ደግሞ እስከዛሬ «ኡበርሞርገን» ይላሉ። ቃሏ ከዚያ ሾልካ ሳትመጣ አልቀረችም ባይ ነኝ። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም መጽሐፈ ጦቢትን የወሰደው ከግሪኩ ስለሆነ፣ እዚያ ሦስቱ ቀናት ጭራሽ የሉም።

እኔን የገረመኝ ግን አሠራሯ ነው። «ሞሮው» ጥንት ማለዳ ማለት ነበር። የኛም «ነገ» ከ«ነጋ» ጋር አንድ ቤት ነው፤ በግዕዝ «ነግህ» ማለዳ ነው። ሁለቱም መጪውን ቀን የጠሩት በንጋቱ ነው። «ኦቨር» ደግሞ እዚህ ላይ ማዶ እንደማለት ነው፣ ወዲያ። ብትፈታታት ያቺው ከነገ ወዲያ ሆና ታርፋለች። እኔ «አፍተር» ብዬ ነው ያበላሸሁት።

ባለፈው ለዚያው ደንበኛ «ኦቨርሞሮው እልክልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «መቼ?»