የአማቴ የዘር ሐረግ፦ ከኒው ዮርክ ወደ ኮርክ

ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ዘሩ ከአየርላንድ ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በአባታቸው በኩል ግን አማቴ የሚያውቁት፣ ቅድመ አያታቸው ሱሊቫን እንደሚባሉና እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሃብ ዘመን፣ በደቡብ አየርላንድ ካለው ከኮርክ አውራጃ በመርከብ እንደመጡ ብቻ ነበር። ይሄ አላስቻለኝም።

በቀጥታ ወደ አየርላንድ መዝገብ መግባት አያዋጣም። ኮርክ ውስጥ ሱሊቫን ስፍር ቁጥር የለውም። መጀመሪያ ደብራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ስደተኛው የደረሰበት አገር ወረቀት ነው። የድሮ የአሜሪካ የዜግነት ወረቀት «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። እኛን ያወጣን እ.ኤ.አ. በ1850 ኒው ዮርክ የተቋቋመው የኤሚግራንት ሴቪንግስ ባንክ መዝገብ ነው። ባንኩ ደንበኛውን ለመለየት የትውልድ ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብ፣ የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ስም ይመዘግብ ነበር። እዚያ ላይ ስኪበሪን የሚል የኮርክ ከተማ ስም አገኘን፤ ረሃቡ ክፉኛ ከመታቸው ቦታዎች አንዱ።

የዚያ ዘመን የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት አብዛኛው የለም። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ደብሊን ውስጥ ተቃጠለ። የካቶሊክ ጥምቀት መዝገቦች ግን በየደብሩ ስለነበሩ ተረፉ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያቸዋል።

ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ ስሙም ብዙ ቦታ በላቲን ነው። ዋናው ፈተና ግን ሞክሼ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ስለነበረ፣ የአጎት ልጆች ሁሉ አንድ ስም ይይዛሉ። ስለዚህ የሰውየውን ስም ብቻ አትከተሉ። መዝገቡ የእናትየዋን የአባቷን ቤት ስም ይጽፋል፤ የክርስትና አባትና እናትንም ይጽፋል። እንደኛው አገር፣ ክርስትና የሚያነሳው ባዳ አይደለም። በባንኩ መዝገብ ላይ ከተጠቀሱት እህቶች አንዷ የታናሽ ወንድማቸውን ክርስትና አንስታ ሳገኛት፣ ቤተሰቡ እነሱ መሆናቸውን አመንኩ። የዚያን ቀን አማቴ ጋ ደውዬ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሁለቱን ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው አያውቁም።

የቅድመ አያትየው ወላጆች ጋብቻ ገና አልተገኘም። ሠርግ እንደ ልማዱ በሙሽሪት ደብር ስለሚፈጸም፣ አሁን የአጎራባች ደብሮችን መዝገብ እያገላበጥኩ ነው።