የኪስ ክዳን

ባለፈው ሳምንት ኮት ልገዛ ሳልባጅ ተራ ወጣሁ። የደሴን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ከለቀቀብን ሹራብ ብቻውን አይችለውም። የደረስኩት ቦንዳው ገና ሲፈታ ነው። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት መዘዝኩ። ዋጋውን ተዉት፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ጀምሮ፣ ሳልባጁም ከዶላሩ ጋር ነው የሚወጣው።

ቤት ገብቼ ኪሱን ስፈትሽ የተጣጠፈ ደረሰኝ አገኘሁ። ቋንቋውን አላውቀውም። የገባኝ የዩሮ ምልክቱና ካፌ የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ሁለት ቡና። ቡናው ከየት እንደተለቀመ ደግሞ ማን ያውቃል።

የእህቴ ልጅ ኮቱን ከእጄ ነጥቃ ገለበጠችው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ስራ ፍለጋ ነበር፤ እሷም በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ኮት ትሰፋለች ስንባል ኮራን። ለካ የምትሰፋው የኪስ ክዳን ብቻ ነው። ጠዋት የኪስ ክዳን፣ ከሰዓት የኪስ ክዳን። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ኮሌታውም የሌላ።

«ጋሼ፣ ሙሉ ኮት ስፊ ብትለኝ እኮ አልችልም» ትለኛለች እየሳቀች።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ እኛው ደጅ ደረሰ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ተያዙ። ህዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲለቀቁ ልጆቹ ስራ እንመለሳለን ብለው ሲጠብቁ፣ ታህሳስ 23 አሜሪካ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። አጎዋ ማለት ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረ ህግ ነው። ጦርነቱን የኪስ ክዳን ሰፊ አላወጀችው! የእህቴ ልጅ ወንበር ግን ባዶ ቀረ።

ሰዎች ግሎባላይዜሽን ሲሉ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ያስመስሉታል። ወሎን ግን ድሮ ነው ያገኛት። በ1880 ግድም ጣልያን ከህንድ ያስመጣቸው ከብቶች ምጽዋ ሲወርዱ የከብት በሽታ ይዘው ወረዱ። ደስታ ይሉታል በሽታውን፣ ስም አወጣጣችን! በሬው አለቀ፣ የሚታረስበት ጠፋ፣ ድርቁም ታከለበትና አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት መጣ። ስለ ህንድ ከብት አንዱም ገበሬ የሰማው ነገር አልነበረም።

ህዳር 1911 ደግሞ በዓለም ጦርነት የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ መጣ፣ የህዳር በሽታ ተባለ። እስከ ዛሬ ህዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ህዳር ሲታጠን እንላለን፣ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፣ ልጆቹ ግን ለምን እንደሚታጠን አይነገራቸውም። በ2012ቱ ኮሮና ጊዜ ደግሞ በሽታው በአውሮፕላን ነው የደረሰው፤ መጋቢት 4 የተነገረው የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪናፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር።

ደግሞ ክፉውን ብቻ አልቆጥርም። ያ በሬውን የጨረሰው ደስታ በ2003 ከምድር ጠፋ ተብሎ ታወጀ። በክትባት ነው። ከብት ድንበር አያውቅምና ጎረቤት አገር ሁሉ ካልከተበ ዋጋ አልነበረውም። ለከብት እንዲህ የተስማማ ዓለም ለልብስ ሰፊ ሲሆን ለምን እንደሚቸግረው አይገባኝም።

የእህቴ ልጅ አሁን ፓስፖርት አውጥታለች። አረብ አገር። እናቷ አልቅሳ አልቅሳ ዝም ብላለች። «አብሽር ጋሼ» ትለኛለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ያን ቀን ማታ ኮቱን አምፖሉ ስር ይዛ ኪሱን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

«አየኸው ይሄን? ክዳኑ በአንድ ጎን ተንሻፏል። እኛ ላይን ላይ ቢሆን ኳሊቲ ይመልሰው ነበር።»

መርፌ አመጣችና ፈታችው።