የጓሮ አጥር በፓሌት እንጨት፦ ገንዘቤን ያወጣሁት ለእግሩ ነው

የእንጨት አጥር ከላይ አይሞትም። የሚሞተው ከመሬት ብቅ በሚልባት አንድ ስንዝር ቦታ ላይ ነው። እዚያ እርጥበትም አየርም አለ፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ጠልቆ የተቀበረው ክፍል አየር ያጥረዋል። ከላይ ያለውን ፀሐይ ያደርቀዋል። በሰፈራችን የወደቁ አጥሮችን ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ የተሰበሩት እዚያችው ጋ ነው። ጣውላው ገና ደህና ነው፣ እግሩ ግን የለም።

ስለዚህ የጓሮዬን አጥር ራሴ ልሥራ ብዬ ስነሳ፣ ብሩ የት እንደሚሄድ ቀድሜ ወሰንኩ። ለሚታየው ጣውላ በተቻለ መጠን ትንሽ፣ ለማይታየው እግር ሳልሳሳ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። የተከልኩት ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ነው። ቆርቆሮ አልፈለግኩም። ውድ ነው፣ ነፋስ ይገትራል፣ መደቡ ላይም ጥላ ይጥላል። ዶሮና ፍየል ለመከልከል 1.20 ሜትር ከፍታ ይበቃኛል።

1.20 ያልኩት በምክንያት ነው። ጣውላውን የማገኘው ከፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ከሚጫንበት የእንጨት መደብ ነው፤ የአውሮፓ ልክ የሚባለው ፓሌት 1.20 በ0.80 ሜትር ነው። ከላይ አምስት፣ ከታች ሦስት፣ በድምሩ ስምንት ባለ 1.20 ሜትር ጣውላ ይወጣዋል። ግማሾቹ 14.5፣ ግማሾቹ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ሳላሳጥራቸው የአጥር ቁመት ናቸው ማለት ነው። የሚተርፍ ቁርጥራጭ የለም፣ የባከነ ጉልበትም የለም። ቁሳቁሱን አይቶ ልኩን መወሰን ከሁሉም በላይ ወጪ ይቀንሳል።

ፓሌት ስትገዙ ማኅተሙን አንብቡ። ከስንዴ ዛላ ምልክቱ አጠገብ «ኤች ቲ» የሚል ካለ በሙቀት የታከመ ነው፤ እስከ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቋል። «ኤም ቢ» ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል። ለምንበላው አትክልት አጥር እሱን አልወሰድኩም። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ትቼዋለሁ።

አድካሚው ሥራ መፍታቱ ነው። አንድ የአውሮፓ ፓሌት 78 ሚስማር አለው፤ ሚስማሮቹም በቀላሉ እንዳይነቀሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጣውላውን በመንቀያ ብድግ ካደረጋችሁት ጫፉ ይሰነጠቃል። የሚሻለው በጣውላውና ከሥሩ ባለው የእንጨት ኩብ መካከል የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብቶ ሚስማሩን መቁረጥ ነው። ጓንት ያስፈልጋል። የሚስማሩ ጭንቅላት ጣውላው ላይ ይቀራል፤ ይቅር፣ አጥሩን አይጎዳውም።

ጣውላዎቹ የሚመቱበት አግዳሚ ሞራሌ፣ ማለትም በአራት ጎን የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት ነው። የገዛሁት ባለ አራት ሜትር ስለነበር ለሁለት ስቆርጠው የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት ሁለት ሜትር ሆነ። ጣውላዎቹን በ3.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስደረድር አንዱ ክፍል 13 ገደማ ይፈጃል። የሚሰነጠቀውን ጨምራችሁ ለአንድ ክፍል ሁለት ፓሌት ያዙ። ክፍተቱን በሜትር አልለካሁም፤ ልክ የሆነች ቁራጭ እንጨት በየጣውላው መካከል እያስገባሁ ነው የመታሁት። ሁሉንም ክፍሎች የገጣጠምኳቸው ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ እንዳይንቀሳቀስ በሚስማር በተመታ አንድ ቅርጽ ውስጥ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ክፍሉ አልተጣመመም።

ደረቅ እንጨት ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል። የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ትንሽ ደፍጠጥ አድርጉት። ሹሉ እንጨቱን ይገነጥላል፣ የደፈጠጠው ግን እየቆረጠ ይገባል። ሚስማሮቹን ደግሞ ትንሽ አጋድሞ መምታት ጥሩ ነው፤ በቀላሉ አይነቀሉም። እዚህ ላይ ርካሹን ጥቁር ሚስማር አልመክርም። ዝገቱ በክረምት ጣውላው ላይ ይወርዳል፣ ሚስማሩም ቶሎ ያልቃል። የማይዝገው ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ይገባዋል።

አሁን ወደ እግሩ። ለቋሚ የመረጥኩት ቀይ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለት ሜትር ቁመት፣ የክንድ ውፍረት ያለው። ጽድ ይሻላል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ነገር ግን ጽድ አገር በቀል ዛፍ ነው፣ እየተመናመነም ነው፤ ለጎመን አጥር ማስቆረጡ አልተዋጠልኝም። ባሕር ዛፉን ልጣጩን ሙሉ በሙሉ ላጥኩት፤ ነፍሳት የሚደበቁት ከልጣጩ ሥር ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም።

የሰፈራችን ሽማግሌ አናጢ የተቃጠለ ዘይት ቀባው አሉኝ። የሁሉም ሰው ምክር ይኸው ነው፣ ርካሽም ነው። «ጋሼ፣ አጠገቡ ያለውን ጎመን እኮ ልንበላው ነው» አልኳቸው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ከባድ ብረት አለ፤ በዝናብ ታጥቦ አፈር ውስጥ ይገባል። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሬንጅ አድርግበት፣ ግን እንጨቱ ይድረቅ» አሉ። ልክ ናቸው። እርጥብ እንጨት ላይ ሬንጅ ከተቀባ ውሃው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ መበስበሱም ይፋጠናል። ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር እስኪደርስ ቀባሁት።

ጉድጓዱ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። የእኔ ጓሮ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቋሚውን ጨብጦ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ ቆፈርኩና ያወጣሁትን አፈር አልመለስኩትም። ሐይቆቻችንን የሠራው እሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠርም ትቶልናል። እሱን ከሥር አነጠፍኩ፣ ዙሪያውንም በእሱ ሞልቼ ጠቀጠቅኩ። ውሃ አይቋጥርም፣ አያብጥም። ኮንክሪት ብዙ ሰው ይወዳል፤ እንጨት ላይ ሲሆን ግን ውሃ እንደሚይዝ ኩባያ ነው።

የበሩ ቋሚዎች ብቻ ይለያሉ፣ ክብደት ይሸከማሉና። ለእነሱ ከብረታ ብረት ሻጭ ያገለገለ የአንጎላሬ (በማዕዘን የታጠፈ ብረት) ቁራጭ ገዝቼ ብረቱን ብቻ በኮንክሪት ተከልኩ። እንጨቱ በብሎን ብረቱ ላይ ታስሯል፤ አፈር አይነካም። በሩ ላይ ያለው ሰያፍ ድጋፍ ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ በመዝጊያው በኩል ወደ ላይ መውጣት አለበት። ተገልብጦ ከተመታ በሚስማር የተያዘው ሰያፍ ይሳሳባል፣ በሩም ቀስ እያለ ይወርዳል።

ክፍሎቹን ቋሚው ላይ የሰቀልኳቸው በብሎንና በዳዶ ነው፣ በሚስማር አይደለም። አንዱ ጣውላ ቢበሰብስ ያንን ክፍል ብቻ አውርጄ እጠግናለሁ። ከመሬትም አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለዋል። ጣውላው ከአፈር ውሃ አይስብም። ምስጥም ወደ ላይ ለመውጣት በቋሚው ላይ የጭቃ መንገዱን መሥራት አለበት፤ ያኔ ይታየኛል፣ በጣቴ አፈርሰዋለሁ። የጣውላውን አናት በሰያፍ ቆርጬ ከቤት የተረፈ ቀለም ቀባሁት፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠ ጫፉ ነውና። የቀረውን አልቀባሁም።

ከመስቀል በዓል በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብሎኑም ይላላል። በዚያ ጊዜ መፍቻ ይዤ እዞራለሁ።