ዳማን ያሳከከው ምን ነበር?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ድምፅ መጀመሪያ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የሚንጠባጠብ ውኃ መስሎኝ ነበር፤ ተነሥቼ መብራት ሳበራ ግን ውሻችን ዳማ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ የፊት መዳፉን ያለማቋረጥ ሲልስ አገኘሁት። በጣቶቹ መካከል ያለው ጸጉር ከምራቁ ብዛት የዛገ ብረት መስሏል፤ የብብቱና የሆዱ ቆዳ ተቆጥቶ ቀልቷል፤ ጆሮውን ጠጋ ብዬ ሳሸተው ደግሞ የቆየ ሊጥ የመሰለ ጠረን አፍንጫዬን መታው።

ዳማ ከላብራዶር የተዳቀለ፣ በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላው ውሻ ሲሆን፣ ከመጠለያ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ያመጣነው በልጄ ውትወታ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ የአያቴን ፈረስ አስታውሶኝ ነው። ባደግሁበት ጉለሌ ውሻ የሚያድረው ከደጅ ነበር፤ ራሱን ማከክ ከጀመረም «እከክ ያዘው» ይባልና ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ሲልሰው እንደሚመርዘው ያሰበ ሰው አላስታውስም። እኔም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም፤ ነገሩ የንጽሕና ጉድለት መስሎኝ በሳምንት ሦስት ጊዜ በራሳችን ሻምፑ አጠብኩት፤ ባጠብኩት ቁጥር ቆዳው እየደረቀ ማሳከኩ ባሰበት።

በመጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ ለጥቂት ደቂቃ አይቶት ፕሬድኒሶን የተባለ የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን ሰጠን። ማሳከኩ በሁለት ቀን ውስጥ ጋብ አለ፤ በምትኩ ዳማ የሰጠነውን ውኃ ሁሉ የሚጨርስ፣ ሌሊት ሽንቱን መያዝ ያቃተው፣ ምግብ የማይበቃው ሌላ ውሻ ሆነ፤ ክኒኑ ባለቀ በሳምንቱም መዳፉን ወደ መላስ ተመለሰ። መድኃኒቱ ቶሎ እንደሚያስታግሥ አልክድም፤ ያናደደኝ ያሳከከው ምን እንደሆነ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ጥያቄውን የጀመሩት በእንስሳት የቆዳ ሕክምና ላይ ያተኮሩ ሌላ ሐኪም ናቸው። ጸጉሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ እያበጠሩ ቁንጫ ፈለጉ፤ ባያገኙም የቁንጫ መከላከያ በየወሩ ሳይቋረጥ እንድሰጠው አዘዙ፤ ምክንያቱም የቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን ውሻ ጥቂት ንክሻ እንኳ ለቀናት ሊያሳክከው ይችላል። ቀጥለው ከመዳፉና ከጆሮው በፕላስተር የወሰዱትን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በእርሾ ፈንገስ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የሊጡ ጠረን ምንጭ ይኸው ነበር። እንዳስረዱኝ ከሆነ ፈንገሱ የበሽታው መነሻ ሳይሆን ተከታዩ ነው፤ አለርጂው የቆዳውን መከላከያ ሲያላላው፣ በጤና ጊዜ በጥቂቱ ቆዳ ላይ የሚኖረው እርሾ በእርጥበቱና በሙቀቱ ይራባል፤ እርሱም በፈንታው ያሳክካል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምግብ ሙከራ ቤታችንን ፈትኗል። ለስምንት ሳምንታት ዳማ የሚበላው ሰውነቱ እንዳያውቀው ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ጣዕም የተጨመረበት ክኒን እንኳ አይፈቀድም። በዚሁ ጊዜ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ውሻ ሳሎን ውስጥ መኖሩን በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷን አዙራ ታገሠች፤ በሁለተኛው «ና ቡቼ» ማለት ጀመረች፤ በአምስተኛው ሳምንት ከበሬ ሥጋ ጥብሷ ቆርሳ ስታጎርሰው ደረስኩባት።

«እማዬ፣ አትስጪው ብዬሽ አልነበረም?»

«ፍርፋሪ ተከልክሎ የሚኖር ውሻ በየት አገር አይተሃል? ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት ይወርድልኛል?»

እንዳትቀየም ብዬ ዝም አልኩ፤ ይሁን እንጂ የበሬ ሥጋ ውሾችን በምግብ አለርጂ በብዛት ከሚያስቸግሩት አንዱ ስለሆነ፣ ሐኪሟ ቆጠራውን ከአንድ እንድንጀምር አደረጉን። ስለ ሽንኩርቱ ግን ማታውኑ ነገርኳት፤ ለእኛ ወጥ ያለ እርሱ የማይታሰበው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች እንደሚጎዳ ስትሰማ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ እንኳ እንዳያጎርሱት የምትጠብቀው እርሷ ሆነች። ሁለተኛው ስምንት ሳምንት ያለ ስሕተት አለቀ፤ የዳማ ማሳከክ ግን ምንም አልቀነሰም። ምግቡ ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ የቀረው ተጠርጣሪ የምንተነፍሰው አየርና የምንረግጠው መሬት ነበር።

በምርመራው ቀን የጎኑን ጸጉር ላጭተው በረድፍ በረድፍ ጥቃቅን መርፌዎች ወጉት፤ ከደቂቃዎች በኋላ አንዳንዱ ቦታ እንደ ትንኝ ንክሻ አበጠ። በጣም ያበጡት የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የሣር ብናኝና ራግዊድ የሚባለው አረም ነበሩ። የሣሩን ስሰማ ሐሳቤ ወደ እናቴ ቡና ሄደ። ግንቦት ላይ ከጓሮ ያጨድኩትን ሣር በቄጠማ ፋንታ ጎዝጉዛ ዕጣን ስታጨስ፣ ዳማ ሆዱን ዘርግቶ የሚተኛው እዚያው ጉዝጓዙ ላይ ነበር። ራግዊድ ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ አገር ቤት ገበሬውን ያስመረረው የቅንጬ አረም የቅርብ ዘመዱ ሲሆን፣ አደይ አበባም ከዚያው ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ትመደባለች። በሜሪላንድ ብናኙ የሚነሣው በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ ገደማ ነውና፣ የእኛ ፍልሰታ ጾም ሲጋመስ የዳማ መከራ ይጀምራል፤ መስቀል አልፎም ውርጭ እስኪመታው ድረስ አይለቀውም።

ሐኪሟ ይህ በሽታ ከሥሩ እንደማይድን ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ የሚወጋው ሳይቶፖይንት የተባለ መርፌ፣ ኢንተርሉኪን 31 የሚባለውን የማሳከክ መልእክት ተሸካሚ ይዞ ያስቀረዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዳማ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኛ አየሁ። ጎን ለጎን አለርጂ የሆኑበት ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ እየተወጉት ሰውነቱ እንዲለምዳቸው የሚያደርግ ሕክምና ጀመረ፤ ውጤቱን ለማወቅ እስከ አንድ ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል፤ የማይሠራላቸው ውሾችም አሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይና የፈንገስ መድኃኒት ባለው የእንስሳት ሻምፑ አጥበዋለሁ፤ አረፋው ለአሥር ደቂቃ ሳይታጠብ እንዲቆይበት ያስፈልጋልና እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ይዞ ማቆየት የልጄ ሥራ ነው። ከውጭ ሲገባ መዳፉንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ መኝታውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ እናጥባለን፤ የሳሎኑን ወፍራም ምንጣፍ ሸጥኩት። ቡናው አልቀረም፤ ሣሩ ቀረ፤ ጢሱም የመተንፈሻ አካሉን እንዳያስቸግረው በሚል ዕጣኑ በረንዳ ላይ ይጨሳል።

ወጪውን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ለአንዱ መርፌ ከመቶ ዶላር በላይ እከፍላለሁ፤ የእንስሳት ኢንሹራንስ ለመግባት ስጠይቅም ከመግባቴ በፊት የጀመረ በሽታ ስለሆነ አይሸፈንም ተባልኩ። እናቴ አንድ ቀን «በብር ስንት ይሆናል?» ብላ ስትጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩ። በየወሩ ለዘመድ ገንዘብ የሚልክ ሰው ለውሻ ቆዳ ይህን ያህል ሲከፍል የሚሰማው ነገር አለ፤ መልስ አላገኘሁለትም፤ ሌሊት የሚላስ መዳፍ ድምፅ እየሰማሁ መተኛት ግን አልቻልኩም።

አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈው የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ላይ ልጄ በየማታው የዳማን ማሳከክ ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር ትመዘግባለች፤ ሐኪሟ የመርፌውን ቀን የሚወስኑት ያንን አይተው ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ 12 ላይ የተጻፈው 8 ነበር፤ ዘንድሮ በዚያው ዕለት፣ ከጾሙ ምልክት አጠገብ፣ በእርሳስ 3 ተጽፏል።