ሁዳዴ ሲገባ የጅቡም ገበያ ይለወጣል

የምኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር፣ ወደ ውሰታ ወንዝ በሚያወርደው ሰፈር ነው። እንጀራዬ በሌላ ሥራ ነው፤ ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥቂት ጠቦት ገዝቼ ፉርሽካና ፋጉሎ ከእናቴ የጠላ አተላ ጋር እየቀለብሁ ለፋሲካ አደልባለሁ። በ2014 ዓ.ም. ስድስት ነበሩ። ሁዳዴ የካቲት 21 ገባ። በምኩራብ ሳምንት፣ በአንድ ሌሊት፣ ሦስቱን ጅብ ጨረሳቸው።

አንዱን ይዞ ሄደ፤ ሁለቱን ነክሶ ጣላቸው። ጠዋት ስደርስ አንደኛው ገና ይተነፍስ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቶሎ አርዶ ለጎረቤት ማካፈል ነው። በሁዳዴ ማን ይበላል? ሲሞት እዚያው ጓሮ ውስጥ ጉልበት የማያህል ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። በማግስቱ ሌሊት መጥተው አወጡት። እኔው ራሴ አድራሻ ነግሬያቸዋለሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው በግ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሼ ከአጥሩ ውጭ ጣልሁ። ሲነጋ ሞተው ያገኘሁት የጎረቤቴን ውሻና ሁለት ጥንብ አንሳ ነው። ጅቡ በዚያ በኩል ዝርም አላለም። ጎረቤቴ እትዬ የምላት ሴት ናት፤ አልጮኸችብኝም። «ልጆቹ ቢነኩትስ ኖሮ?» አለችኝና ገባች። ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈገችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእሷ ውሻ ግን ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ነበር የሚጮኸው። የነበረኝን አንድ ጠባቂ በገዛ እጄ ገደልሁ።

ነገሩን ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን በሌሊት ዘበኝነት የጨረሱ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው።

«በጎችህን የበላቸው ለምን በጥር አልመጣም?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አባባ?»

«በጥር ሉካንዳው ክፍት ነበር። አሁን ለአንተም ለእሱም ተዘግቷል።»

በዚህ ዓይን አስቤው አላውቅም ነበር። ጅብ ከተማችን ውስጥ የሚገባው ሰው ሊበላ አይደለም፤ ከሥጋ ቤት ኋላ የሚጣለውን አጥንት፣ የቅርጫውን ሆድ ዕቃ፣ መንገድ ዳር የሞተውን ከብት ፍለጋ ነው። 55 ቀን ሙሉ ይህ ሁሉ ሲቆም እሱ አብሮን አይጾምም። ወደ ቁም ከብት ይዞራል። እኔ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ጉረኖዬን በሰባ በግ እሞላለሁ! ለካ የእኔ የማድለቢያ ወራትና የእሱ የረኀብ ወራት አንድ ናቸው።

በኋላ እንዳነበብሁት፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ይህንኑ በትግራይ አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ለቅመው በውስጡ የቀረውን ፀጉር መረመሩ። የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ግድም ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ወጣ፤ ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። የጅብ ኩስ እዚህ ሰፈርም ከወንዙ አፋፍ ላይ ሞልቷል። አጥንት ስለሚፈጭ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። እኔም በእንጨት በተን በተን አድርጌ አይቻለሁ፤ ፀጉሩ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልሁም።

ወደ ጉረኖው ልመለስ። የድሮው በአጠና የታጠረ፣ ከጓሮው ጥግ የተወሸቀ ነበር። የገቡት ከሥር ቆፍረው ነው። አፍርሼ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጋር አያያዝሁት፤ ሽታው ይለመዳል። ዙሪያውን አንድ ክንድ ተኩል ቆፍሬ በድንጋይ ሞላሁት፤ በላዩ እስከ ጉልበት ካብ ካብሁ። ከካቡ በላይ አጠናውን ቀጥ ቀጥ አድርጌ አጠጋግቼ መታሁ። ማገሩን ወደ ውስጥ አደረግሁት፤ በውጭ በኩል ጥርስ የሚይዘው ጫፍ እንዳይኖር ብዬ ነው። ከላይ ቆርቆሮ። አናጢው «ለበግ ነው ወይስ ለእስረኛ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም እሱም የናቅነው በሩን ነው። ከሥሩ አራት ጣት የምታህል ክፍተት ቀርታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት የሚቆረጥም ነገር ሰማሁ። ባትሪ ይዤ እየጮህሁ ስወጣ ሁለት ሆነው ሸሹ። የበሩ ታች እንደ ቆሎ ተቆርጥሟል። ከዚያ ወዲህ ደፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሠራሁት፤ የበሩን ታች ከውስጥም ከውጭም በቆርቆሮ ለበጥሁት፤ መወርወሪያውን ከላይና ከታች ሁለት አደረግሁ። ጊዜውና ገንዘቡ ያለቀው ግድግዳው ላይ ነው፤ በጎቹን ያዳነው ግን በሩ ይመስለኛል።

መብራትም ሞክሬ ነበር። አራት ሌሊት ሠራ። በአምስተኛው ሌሊት በመስኮት ሳይ አንዷ ከአምፖሉ ሥር ቆማ ወደ እኔ ታያለች። «አንዷ» ያልሁት ትልቅ ስለነበረች ነው። በጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን «አያ ጅቦ» ስንል ኖረን፣ «እትዬ» ማለት ኖሮብናል።

ለኪዳን በሌሊት መውጣት ሌላ ጣጣ ነው። 11 ሰዓት ግድም እኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እነሱ ከከተማ ይወጣሉ፤ መንገዱ አንድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻዬን ስሄድ ገጠመኝ። እግሬ ሊሮጥ ነበር፤ አዛውንቱ «ለሚሮጥ ነገር ነው የሚሮጠው» ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ቆምሁ። ባትሪውን ዓይኑ ላይ አብርቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ዳዊት ሳይሆን አይቀርም። ቀስ ብሎ መንገዱን ለቀቀ። አሁን ከእናቶቹ ጋር በቡድን ዱላ ይዘን ነው የምንሄደው። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ ሰው የማይፈራ ጅብ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖረው ስለሚችል አይጠጉትም። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ጠበል ቢፈልግ እንኳ ከክትባቱ ጋር።

የሰፈሩን ቆሻሻ በተመለከተ ግማሽ መንገድ ነው የሄድነው። በእድር ስብሰባ ላይ የቅርጫ ሆድ ዕቃ ከወገብ በላይ በሚደርስ ጉድጓድ እንዲቀበር፣ በላዩም ድንጋይ እንዲጫን ተስማማን። አንዳንዶች «ጨርሶ እናጥፋቸው» ብለው ነበር። በመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚደርስ የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሱ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎች ማስላታቸውን ነገርኋቸው። አንዱ «እንግዲያው ደመወዝ እንቁረጥላቸው» አለና ሁሉም ሳቀ። ሆድ ዕቃው አሁን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበራል። ከመስቀል ማግስት ግን ተዉት፤ ሁሉም ይረሳል።

ከዚያ ወዲህ በግ አልተበላብኝም። በየሁዳዴው ዱካቸው ካቡን ዞሮ ደፉ ላይ ቆሞ ወደ አስፋልቱ ሲመለስ አያለሁ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሲያረጁ ባለቤቶቻቸው የለቀቋቸው አህዮች ያድራሉ። ባለፈው ሁዳዴ አንዱ፣ ጀርባው በጭነት የተላጠ፣ ማታ ማታ አጥሬን ተጠግቶ መቆም ጀመረ። ሦስት ቀን እንዳላየ አለፍሁ። በአራተኛው ቀን እትዬ ደጃፍዋ ላይ ሆና «ዛሬም ውጭ ልታሳድረው ነው?» አለችኝ። ለአህያ የሚሆን ቦታ እንዳለኝ በሩን ከፍቼ አሳየኋት፤ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ የበጎቼን ድርቆሽ ግማሹን የሚጨርሰው እሱ ነው።