በጭንቅላቷ ያላለፈው ቀሚስ

ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀሚሱ ጭንቅላቷ ላይ ደርሶ ቆሟል። ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ላይም አይወጣም። ከጨርቁ ውስጥ የሚሰማው ለቅሶ እየጨመረ ሄደ። እናቷ ጫፉን ይዛ ትስባለች። እኔ ደግሞ አንገቱን በጣቶቼ ልለጥጠው እታገላለሁ። የተሸመነ ጥጥ ግን እንደ ቲሸርት ጨርቅ አይሳብም። በመከራ ስናወልቅላት ሁለቱም ጆሮዎቿ ቀልተዋል። ሮጣ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። ቀሚሱን ዞራ አላየችውም።

ቤት ውስጥ የልጆች ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያቺ ደንበኛዬ የሦስት ሴት ልጆች እናት ናት። ለመካከለኛዋ፣ ለአራት ዓመቷ፣ የሰፋሁላት ቀሚስ ልክክ ብሎላት ነበር። ቁልፍም ዚፕም የለውም። በጭንቅላት የሚጠለቅ፣ አንገቱ ክብና ሰፋ ያለ፣ አጭር እጅጌ ያለው ቀላል ቀሚስ ነው። እናትየዋ በጣም ወደደችው። «እህቴ፣ ለሁለቱም ይህንኑ ስፊልኝ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ለብሰው ፎቶ ይነሱልኝ» አለችኝ። ፎቶው ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ፓተርኑ፣ ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ፣ እጄ ላይ ስላለ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። የቀሩትን ልጆች ቁመት በስልክ ጠየቅኳት። ትንሿ 88 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቋ የስምንት ዓመቷ 128። የመካከለኛዋን አውቀዋለሁ፣ 104 ነው። ካልኩሌተር አወጣሁ። 88ን ለ104 ሳካፍል 0.85 ገደማ መጣ። 128ን ለ104 ሳካፍል 1.23። ወረቀቱን ጠቅልዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩና አንዱን በ85 በመቶ፣ ሌላውን በ123 በመቶ ኮፒ አስደረግኩት። ትልቁ በአንድ ወረቀት ስላልበቃ ቁርጥራጩን በፕላስተር አያያዝኩት።

ስፌቱ እንደዚያ ቀንቶኝ አያውቅም። እጅጌው ብብቱ ላይ ሳይተርፍ ሳያንስ ገጠመ። የፊቱ ትከሻ ከጀርባው ትከሻ ጋር እኩል መጣ። ያታለለኝም ይኸው ነው። ሁሉም ነገር በእኩል ስላነሰና በእኩል ስላደገ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ተስማሙ። ልብሱ ከራሱ ጋር ይስማማል። ከልጆቹ ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን አላየሁም።

ትንሿ ስታለቅስ ትልቋ የራሷን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። አንገቱ ከአንድ ትከሻዋ ላይ ተንሸራትቶ ክንዷ ላይ ደርሷል። በእጇ ወደ ላይ ትመልሰዋለች፣ በሌላው በኩል ይወርዳል። ደረቱ ላይ ጨርቁ ተንጠልጥሏል። ትከሻው ከትከሻዋ አልፎ ወርዷል። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ልታስከፋኝ አልፈለገችም። «እትዬ፣ ትንሽ ይወድቃል» አለች ቀስ ብላ። ያ ከትንሿ ለቅሶ የበለጠ ልቤን ነካው።

እናትየዋ አልተቆጣችም። «ሦስት ቀን አለን» ብላ ሁለቱን ቀሚሶች ትታልኝ ሄደች።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት አቆራረጤን ነው። ሜትሬን አውጥቼ ሁሉንም ለካሁ። ሁሉም ልክ እንደ ሒሳቡ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አላበላሸሁም። ታዲያ አንድ ፓተርን እንዴት ለአንዷ ጠብቦ ለሌላዋ ይሰፋል? ለሁለቱም ቢጠብ ወይም ለሁለቱም ቢሰፋ ይገባኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ቀሚሶቹን ይዤ ቅድ ካስተማሩኝ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀሚሶቹን ነካ እንኳ አላደረጉም።

«የትንሿ ጭንቅላት ዙሪያው ስንት ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«የትልቋስ?»

«እሱንም አልለካሁም።»

«ታዲያ ምኑን ለካሽው ልጄ?»

ቁመቱን፣ ልል አልኩና ተውኩት። ቁመቱንም የለካሁት እኔ አይደለሁም፤ በስልክ የተነገረኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሜትር ይዤ ልጆቹ ቤት ሄድኩ። ከግንባር በላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ ጎልቶ በሚወጣው የጭንቅላት ክፍል ላይ አድርጌ ዞርኩ። ትንሿ 48፣ የመካከለኛዋ 50፣ ትልቋ 52 ሴንቲ ሜትር። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። በትንሿና በትልቋ መካከል የ40 ሴንቲ ሜትር የቁመት ልዩነት አለ። የጭንቅላታቸው ልዩነት ግን 4 ብቻ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ የአንገቶቹን ዙሪያ ከጎኑ ጻፍኩ። ለመካከለኛዋ የሰፋሁት 52 ነው፤ በ50 ጭንቅላት ላይ ሳያስቸግር ያልፋል። በ85 በመቶ ሲያንስ 44 ሆኗል። 48 ጭንቅላት በ44 ቀዳዳ አያልፍም። በ123 በመቶ ሲያድግ ደግሞ 64 ሆኗል። 64 አንገት የስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አይቆምም። ሦስቱን ቁጥር ሳያቸው ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። የልጆቹን አካል ሁሉ በእኩል ያሳደገችው የእኔ ካልኩሌተር ናት። እነሱ እንደዚያ አላደጉም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ ከጠቅላላ ቁመቱ አንድ አራተኛውን ይይዛል። የትልቅ ሰው ወደ አንድ ስምንተኛ ይጠጋል። ስንወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የጭንቅላት ዙሪያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 46 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በጣም ይዘገያል፤ እግር ነው የሚሮጠው። የትንንሽ ልጆች ሆድ ደግሞ ወደ ፊት ይወጣል፣ ወገብ የሚባል ነገር ገና አልተለየም። ስለዚህ የትልቅ ልጅ ልብስ አሳንሰው ቢያለብሷቸው ከፊት ብድግ ይልና ከኋላ ይወርዳል። የትንሿን ቀሚስ ጥምዝ፣ የታችኛውን የታጠፈ ጠርዝ፣ ሳስታውስ እውነትም ከፊት ከፍ ብሎ ነበር። ለቅሶው በርትቶ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ማታ ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። ልጠግን የቸኮልኩት ቀሚሶቹን ነው፤ እሳቸው ግን ከወረቀቱ ጀመሩ። «መጀመሪያ መሆን የነበረበትን እወቂ። ከዚያ የጎደለውን ትሞያለሽ» አሉኝ።

የመካከለኛዋን የፊት ፓተርን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ግማሽ ፊት ነው፣ መሐሉ ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ የሚውል። በእርሳስ ሁለት መስመር አሰመሩበት። አንዱ ከትከሻው መሐል ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው በብብቱ መሐል አግድም ያልፋል። የመካከለኛዋ ደረት 57፣ የትልቋ 65 ነው። ልዩነቱ 8 ሴንቲ ሜትር። እኔ ብሆን ኖሮ ስምንቱን የት ላድርገው ብዬ እጨነቅ ነበር። እሳቸው ለአራት አካፈሉት፤ ፊት ሁለት ሩብ፣ ጀርባ ሁለት ሩብ። ለእያንዳንዱ 2 ይደርሰዋል። ጎን ላይ በወረቀት 1 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ሰው በልጅቷ ዙሪያ 4 ጨምሯል። ብዙ የቤት ሰፊዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው።

ከዚያ መቀሱን ሰጡኝ። የቆመውን መስመር ቆረጥኩት። ከሥሩ ባዶ ወረቀት አነጠፍንና ሁለቱን ክፍል በ1 ሴንቲ ሜትር አራራቅናቸው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን በማስመሪያ እያየን። በፕላስተር ለጠፍነው። የቀረውን 1 ጎን ላይ ጨመርን። ትከሻው በተከፈለበት ቦታ ራሱ 1 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። አንገቱ ግን ከመስመሩ ውጭ ስለሆነ አልተነካም። እሱን በእጃቸው አመልካች ጣት አሳይተው «ይህን ለብቻው ነው የምታሳድጊው» አሉኝ፤ ለሩቡ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በአራት ሲሆን 2። 52 የነበረው 54 ይሆናል። የትልቋ ጭንቅላት 52 ነው። ጭንቅላቷ ያልፋል፣ አንገቱም ትከሻዋ ላይ ይቆማል።

አግድሙን መስመር ስንቆርጥና 1 ሴንቲ ሜትር ስንከፍተው ብብቱ ረዘመ። ጋሼ ምንም ሳይሉ የእጅጌውን ወረቀት አጠገቡ አስቀመጡ። ብብት ከተነካ እጅጌም ይነካል። የእጅጌውን የላይኛውን ጉብታ በዚያው ልክ አግድም ከፈትነው። የቀረው የቁመት ጭማሪ አብዛኛው ወደ ጉርዱ ሄደ፣ ልጅቷም የረዘመችው በእግሯ ስለሆነ። ለትንሿ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወረቀቱን በመክፈት ፈንታ እናደራርበዋለን። አንገቱን ግን ከ52 ወደ 50 ብቻ ዝቅ እናደርገዋለን።

ከሁሉም በኋላ የስፌት ትርፉን፣ ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚቀረውን ጨርቅ፣ አሰመርን። ይህም ሌላ የተማርኩት ነገር ነው። ፎቶ ኮፒው 1 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ትርፌን ጭምር አሳንሶና አሳድጎ ነበር። መጀመሪያ የተጣራውን ልክ መሥራት፣ ትርፉን መጨረሻ ላይ መጨመር ነው።

በኋላ ስለ ፓተርን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር ባተሪክ በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ሐሳቡ የመጣው ሚስቱ ኤለን ለትንሹ ልጃቸው ልብስ ስትቆርጥ «በልኩ የተዘጋጀ ቢኖር» ብላ በመመኘቷ ነው ይባላል። ይህን ሳነብ ያቺ ሴት በጣም ቀረበችኝ። እሷም የተቸገረችው በልጅ ልክ ነው።

ጥገናው ሁለት ሌሊት ወሰደ። ከትልቋ ቀሚስ አንገት ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ተመልሶ አይበቅልም። እናትየዋ «ገመድ አስገቢበትና ይሰብሰብ» ብላኝ ነበር። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። አንገት ላይ ያለ ገመድ መጫወቻ ላይ ወይም በር ላይ ተይዞ ልጅ ያንቃል። ኢኤን 14682 የሚባለው የአውሮፓ የደህንነት ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አንገትና ኮፍያ ላይ ገመድ እንዳይኖር ይከለክላል። ትልቋ ስምንት ብትሆንም ቀሚሱን ነገ ታናሿ ትወርሰዋለች። እናትየዋን ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት።

በገመድ ፈንታ አንገቱን የዞረውን ጥብጣብ ፈታሁ። ፊት መሐል ላይ አምስት ቀጫጭን እጥፋት አወረድኩ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር የሚወስድ። ጀርባውም ላይ እንዲሁ አምስት። ከአንገት እስከ ደረት ሰፍቼ ከዚያ በታች ለቀቅኳቸው። 64 የነበረው 54 ሆነ። ትከሻው በዚያው ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ የደረቱም ትርፍ ጠፋ። እጥፋቶቹን በካውያ ስተኩሳቸው ሆን ተብሎ የተሠራ ጌጥ መሰሉ። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ቀሚስ ይበልጥ ያምራል።

የትንሿ ቀሚስ ግን ከበደኝ። አንገቱን ከጀርባ በኩል 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሰነጠቅኩት፣ ጠርዙን ሸፍኜ አንድ ቁልፍና የክር ማያዣ አደረግኩለት። ስንጥቁ ሲከፈት በሁለቱም በኩል ስለሚለቅ 44 ላይ 16 ገደማ ይጨምራል። ግን ደረቱም ጠብቦ ነበር። የእሷ ደረት 52 ሲሆን ቀሚሱ 55 ብቻ ነው፣ ይህ ሮጣ ለምትጫወት ልጅ አይበቃም። ስለዚህ የጎኑን ስፌት በሙሉ ፈትቼ፣ ከእጅጌው ጫፍ በብብት ሥር አልፎ እስከ ታች የሚወርድ፣ ተሰፍቶ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ቅጥያ በሁለቱም ጎን አስገባሁ። 59 ሆነ። በመጨረሻ ጥምዙን ከፊት በኩል አንድ ሴንቲ ተኩል ለቀቅኩት፣ ለሆዷ።

ሊወስዱ ሲመጡ ትልቋ ለብሳ ሁለት ጊዜ ዞረች። እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ዝቅ አደረገች። ቀሚሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ምንም ሳትል እጥፋቶቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው።

ትንሿ ቀሚሱን ከሩቅ ስታይ ሁለት እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አልነካናትም። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ቁልፉን ከፈትኩላት፣ ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት። ቆይታ ቀሚሱን ከእጄ ወሰደች። በስንጥቁ አጮልቃ አየችኝ። ከዚያ እናቷ ቀስ ብላ አጠለቀችላት፤ ጆሮዋንም አልነካም። እስኪሄዱ ድረስ እጇን ወደ ጀርባዋ እየላከች ቁልፉ መኖሩን ትዳስስ ነበር።