የቀበሌያችን ሜዳ በወረዳ በጀት እንዴት ተሠራ

ከወረዳ የሜዳ ማሠሪያ ገንዘብ ለመጠየቅ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ከክልል የሚመጣው ጥቅል በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። የቀረውን ውኃ፣ መንገድና ጤና ኬላ ይሻሙታል። በዚያ ወረፋ ላይ የኳስ ሜዳ ይዞ መቆም በረሃብ ዘመን ሽቶ እንደ መለመን ነው። እኔም በምሥራቅ ጎጃም በምትገኘው ቀበሌያችን የምክር ቤት አባል ሆኜ ጉዳዩን ስይዝ የገንዘቡን ነገር አቆይቼ በመሬቱ ጀመርኩ።

የመረጥነው ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለ የወል ግጦሽ ነበር። 100 ሜትር በ64 ሜትር የሆነ ሜዳ ሁለት ጥማድ ተኩል ያህል መሬት ይወስዳል። በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ በሬ የሚያሰማራ ገበሬ ግን እንዲህ አይቆጥረውም። «ልጆች ይሩጡ ብላችሁ ከብቶቻችንን ልታስርቡ ነው?» አሉ አባቶች። ያስታረቀን የገና ጨዋታ ነው። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው በወጣትነታቸው ገና የተጫወቱት እዚያው መስክ ላይ እንደነበር አንድ አዛውንት ሲያነሱ ጉባኤው በሳቅ ተፈታ። ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩ ግን በክረምት እየታጨደ ለባለ ከብቶቹ በየተራ እንዲሰጥ ተስማማን። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ፣ መሬቱ ተለክቶ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በትምህርት ቤቱ ስም ወጣ። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ቢሮ ሁሉ በመጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንኑ ደብተር ነበር።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በሐምሌ የሚሄድ ሰው ግን የሚደርሰው ድርሻው ሁሉ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው። ጥያቄያችንን በየካቲት አስገባን፤ ያስገባነውም በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ የግቢ ማሻሻያ ሆኖ ነው። የስፖርቱ ቋት ባዶ ነበር፤ ተማሪዎቹም ቢሆኑ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚማሩት በዚሁ ሜዳ ስለሆነ ነገሩ ማታለል አልነበረበትም። ከወረዳው የጠየቅነው የግሬደር ነዳጅ፣ ገረጋንቲና የጎል ብረት ብቻ ነው። ድንጋዩን፣ አጣናውንና ጉልበቱን ሕዝቡ ቻለ፤ ባለሙያ ወደ ብር ተምኖልን ከማመልከቻው ጋር አያያዝነው። የገንዘብ መዋጮ አልጠየቅንም። ገበሬው መዋጮ ሰልችቶታል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቶኛል።

አፈራችን ዋልካ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሜዳውን መሐል በጥቂቱ ከፍ አድርገን ውኃው ወደ ዳርና ዳር እንዲወርድ፣ ዙሪያውንም ቦይ እንዲኖረው አደረግን። ከሁሉም ሥራ ያላስቆጨኝ ይህ ነው። ሣር ከከተማ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እኛ ከወንዝ ዳር ሰርዶ ነቅለን በሰኔ ዝናብ ተከልን፤ ሰርዶ ደግሞ መሬት ካገኘ ማንንም አይጠብቅም።

የሴቶች ልጆች የመረብ ኳስ ቦታ ከመግቢያው በር አጠገብ ነው፤ ሰዓታቸውም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ባይጻፍ ኖሮ ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ይይዙት ነበር፤ ተጽፎም አልፎ አልፎ ይሞክራሉ።

ለጥገና የተያዘ በጀት የለም። መረብ የሚገዛው በበዓል ሰሞን ከሚደረገው ውድድር የቡድኖች መመዝገቢያ ነው። ዘንድሮ ለተመልካች ጥላና መቀመጫ አመልክተናል፤ ምክር ቤቱ እስካሁን አልወሰነም።